ሕመሜን ስደብቅ እንጀራዬን ልነጠቅ ነበር

ወረቀቱ በኮምፒዩተር የተጻፈ፣ አራት መስመር ብቻ ያለው ነበር። «በግል ምክንያት ሥራዬን በራሴ ፈቃድ የለቀቅኩ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» ይላል። ከሥሩ የስም፣ የፊርማና የቀን ቦታ ክፍት ተትቶለታል። ይዞልኝ የመጣው የሥራ ቦታችን ኃላፊ ነው፤ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ወጣት መሐንዲስ። ግባ ብለውም አልገባም፤ በረንዳው ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይፈርሙና የሁለት ወር ደመወዝ ዛሬውኑ በእጅዎ ይውሰዱ። እርስዎም ይረፉ፣ እኛም እንረፍ» አለኝ። እስክሪብቶውንም አብሮ አምጥቶት ነበር።

ጊዜው ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመርኩ ዘጠነኛ ቀኔ ነበር። ቤት ውስጥ የቀረው ዱቄት ስንት ቀን እንደሚያደርስ አውቃለሁ። የሁለት ወር ደመወዝ በአንድ ጊዜ በእጅ ማየት ለታመመ ሰው ምን ያህል እንደሚያጓጓ የደረሰበት ያውቀዋል። ፈርሜ ነበር ማለት ይቻላል። ያልፈረምኩት ብልህ ሆኜ ሳይሆን መነጽሬ ጠፍቶብኝ ነው። የመጨረሻዋን ልጄን «ነይ እስቲ አንብቢልኝ» አልኳት። እናቴ ደግሞ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር።

እንዴት እዚህ ደረስኩ?

እኔ የ52 ዓመት ሰው ነበርኩ። ትውልዴ ወሎ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ በሰፈራ ፕሮግራም ከቤተሰቤ ጋር ወደ አሶሳ ስመጣ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያደግሁት ዛሬም ድረስ በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ አምባዎች በአንዱ ነው። አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ የልጅ ልጅም አይቻለሁ፤ አልሐምዱሊላህ። መንጌ የገባሁት ለሥራ ነው። በአንድ የግል ሥራ ተቋራጭ ድርጅት ውስጥ በንብረት ክፍል ተቀጥሬ ስሚንቶውን፣ ብረቱንና ሚስማሩን ቆጥሬ እረከባለሁ፣ ቆጥሬ አስረክባለሁ። ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ።

መንጌ ከአሶሳ በስተሰሜን ያለች፣ በወርቋ የምትታወቅ የበርታዎች አገር ናት። ሴቶቹ በማለዳ ገበታቸውን ይዘው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፤ አፈሩን አጥበው የሚያገኟት ትንሽ ወርቅ የቤታቸው ጨውና ስኳር ናት። አብዛኛው ጎረቤቴ የሚኖረው በእጁ ነው። በወር ደመወዝ የሚኖር ጥቂት ሰው ነው፤ እኔ ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነበርኩና «ባለ ደመወዝ» እባላለሁ። ይህ ስም ነው በኋላ ያሳፈረኝ።

ሳሉ የጀመረኝ በጥቅምት ነው። ስሚንቶ በሚራገፍበት ቤት የሚውል ሰው ቢያስል ማን ይገረማል? «አቧራው ነው» አልኩ። ሌሊት ላብ ሲያጠምቀኝ «ሙቀቱ ነው» አልኩ። ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሲገባ «ዕድሜ ነው» አልኩ። ለሁሉም ምክንያት ነበረኝ። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው መመርመር እንደሚያስፈልግ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ በትልቁ ተለጥፏል፤ በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር አነበዋለሁ። ለእኔ የተጻፈ ግን አልመሰለኝም ነበር።

በኅዳር አራት ቀን መነሳት አቃተኝ። ለፎርማኑ በስልክ «ሐዘን ገጥሞኝ አምባ ሄጃለሁ» አልኩት። ውሸት ነው። ስመለስ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ፈርሜ ተቀበልኩ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ባለቤቴ ደም የነካው መሐረብ አግኝታ ግድ አለችኝና አሶሳ ሄጄ አክታ ሰጠሁ። ውጤቱ ቲቢ ሆነ።

ሐኪሙ የአንድ ወር የሕመም ፈቃድ ጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ ሰጠኝ። «ለመሥሪያ ቤትዎ ያስገቡት» አለኝ። እኔ ግን አጥፌ ከኮቴ የውስጥ ኪስ ከተትኩት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እዚያው ነበር። ለመሥሪያ ቤቴ ደውዬ ያልኩት «ሐዘኑ አላለቀም» ነው።

ለምን? ብትሉኝ ሁለት ነገር ፈራሁ። የመጀመሪያው ሰው ነው። በልጅነቴ በሰፈራው ጊዜ ሳንባ ነቀርሳ ይዞታል የተባለ ጎረቤታችን ብቻውን ሲበላ፣ ብቻውን ሲተኛ አይቻለሁ። ሁለተኛው እንጀራዬ ነው። ካምፑ ውስጥ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ለአራት ለአምስት ነው የሚተኛው። በሽታዬ ከታወቀ ያባርሩኛል ብዬ አሰብኩ። እንዳልባረር ብዬ የደበቅኩት ነገር ነው እንግዲህ ሊያስባርረኝ የደረሰው።

«እጅህን ሰብስብ»

ልጄ ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበችው። ጨርሳ «አባ፣ ለቅቄያለሁ ነው እኮ የሚለው። ታምሜያለሁ አይልም» አለች። እናቴ ከጓዳ ወጣች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን በሰባ ዓመቷ ስንት ወረቀት አይታለች። «አንተ ልጅ፣ ሳይገባህ የምትፈርመው ምንድን ነው? እጅህን ሰብስብ!» አለችኝ። ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞር ብላ «አንተም ልጄ፣ ሰው በታመመበት ቀን ወረቀት አይመጣበትም። ግባና ቡና ጠጣ፣ ካልሆነም በደኅና ግባ» አለችው። እሱም አፍሮ ሄደ።

የዚያን ማታ ሁሉንም አወጣሁት። የሐሰቱን ሐዘን፣ ማስጠንቀቂያውን፣ ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት። ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ በመጨረሻ «ከእኛ ምን ደብቀህ ልትድን ነበር?» ብቻ ነው ያለችኝ። በማግስቱ ልጄ የሕክምና ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ አስነስታ ዋናውን ለድርጅቱ ጽሕፈት ቤት አስገባች፤ ኮፒው ላይም «ደርሶናል» አስብላ አስፈረመች። ይህችን ማን እንዳስተማራት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በኋላ ያዳነችኝ ያቺ ፊርማ ናት።

ሆኖም ወዲያው አልዳንኩም። በወሩ መጨረሻ የስንብት ደብዳቤ መጣልኝ። በደብዳቤው ላይ ስለ ሕመሜ አንድ ቃል የለም። «በቂ ባልሆነ ምክንያት ከሥራ ገበታዎ በተደጋጋሚ በመቅረትዎ፣ አስቀድሞም በጽሑፍ የተሰጠዎትን ማስጠንቀቂያ ባለማክበርዎ» ይላል። ሳነበው የተናደድኩት በእነሱ ብቻ አይደለም። ቃሉን በአፋቸው ያስቀመጥኩላቸው እኔ ራሴ ነኝ።

ሕጉ ምን ይላል?

ደብዳቤውን ይዤ አሶሳ የሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለኝ ባለሙያ አዋጁን ገልጦ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ስንቶቻችሁ ልጆቻችሁ በግል ድርጅት እንደሚሠሩ ስለማውቅ፣ የተረዳሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ባሉት 12 ወራት ውስጥ፣ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ፣ ከ6 ወር አይበልጥም። ክፍያው እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፤ ቀጥሎ ያሉት 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ፤ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ።

በብር እናስበው። ወር 6,000 ብር የሚከፈለው ሰው ስድስቱን ወር ሙሉ ቢተኛ፣ በመጀመሪያው ወር 6,000፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር 3,000፣ 3,000 ያገኛል። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ድምሩ 12,000 ብር ይሆናል፤ በጤናው ቢሠራ ኖሮ 36,000 ያገኝ ነበር። ሕጉ ሥራውን ይጠብቅለታል እንጂ ቤቱን ሙሉ በሙሉ አይቀልብለትም። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ ይጠቅማል፤ በሦስተኛው ወር የሚደነግጥ ቤተሰብ ብዙ ነው።

መብቱ ግን በሠራተኛው ላይ ሁለት ግዴታ ይጥላል። አንደኛ፣ አሠሪው ሕመሙን ሊያውቅ የሚችልበት ሁኔታ ከሌለ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ ሠራተኛው ከሥራ በቀረ ማግስት ማሳወቅ አለበት። ሁለተኛ፣ መንግሥት ከሚያውቀው የሕክምና ተቋም የተሰጠ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። እኔ ሁለቱንም ጥዬ ነበር። ባለሙያው «አባቴ፣ ሕጉ ለታመመ ሰው ነው የቆመው። እርስዎ ግን በወረቀት ላይ የታመሙ ሰው አልነበሩም፤ የጠፉ ሰው ነበሩ» አለኝ። ይህ አባባል ከጆሮዬ አይጠፋም።

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158ም በሕመም ምክንያት ለጊዜው ከሥራ መቅረት ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። ስለዚህ «ታሞ ቀረ» እና «ጠፍቶ ቀረ» በሕግ ፊት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የሚለያያቸው አንዲት በጊዜዋ የገባች ወረቀት ናት።

ከዚያ ቀን የጻፍኳቸው ሌሎች ነጥቦችም አሉ። የተሰናበተ ሠራተኛ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ክስ የሚያቀርበው በ3 ወር ውስጥ ነው፤ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። ያልተከፈለ ደመወዝና ሌላ ክፍያ ለመጠየቅ ያለው ጊዜ 6 ወር ነው። «ይሻለኝና እሄዳለሁ» ብሎ የተቀመጠ ሰው ሲሻለው ጊዜው አልፎ ሊያገኘው ይችላል። በሥራው ምክንያት የመጣ በሽታ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ ድንጋይ ፈልጦ የሚውል ሰው ከአቧራው የሚይዘው የሳንባ በሽታ፣ የሚታየው እንደ ተራ ሕመም አይደለም፤ እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ነው። ክፍያውም የተሻለ ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ደመወዝ። ስለዚህ ሐኪሙን «ይህ ከሥራዬ የመጣ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ አዋጅ ስለሆነ እነሱ የራሳቸውን የሰው ኃይል ክፍል ይጠይቁ።

በሽታው ራሱ

አሁን ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። የተለመደው፣ መድኃኒት ያልተላመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒቶች በአንድ ላይ ይወሰዳሉ፤ ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፓይራዚናማይድና ኢታምቡቶል ይባላሉ። በቀሪዎቹ 4 ወራት ሁለቱ ብቻ፣ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ፣ ይቀጥላሉ። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። በየቀኑ በጤና ባለሙያ ፊት ነው የምውጠው። ሪፋምፒሲን ሽንትን ቀይ ብርቱካንማ ያደርጋል፤ ይህን ያልነገርኳት እናቴ አይታ «ልጄ ደም ሆነ!» ብላ ሰፈሩን ልታስጮህ ነበር።

የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ስድስት ወር ይታከማል ማለት ስድስት ወር ያስተላልፋል ማለት አይደለም። ነርሷ እንዳስረዳችን፣ መድኃኒቱ የሚሠራለትና በትክክል የሚውጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የማስተላለፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ሰው የሚፈራው መድኃኒት የሚውጠውን ነው፤ ይበልጥ መፈራት የነበረበት ግን ገና ሳይመረመር ሲያስል የሚውለው ነው። እኔ አደገኛ የነበርኩት በጥቅምትና በኅዳር፣ ማንም ሳይሸሸኝ ነው።

ባለቤቴ መጀመሪያ ሲኒዬንና ሳህኔን ለይታ ነበር። ነርሷ ሳቀችና «እናቴ፣ በሽታው የሚተላለፈው በአየር ነው፤ በሲኒና በሳህን አይደለም። ይልቅ መስኮቱን ይክፈቱት» አለቻት። ለሁለት ሳምንት ብቻዬን ተኛሁ፤ ስስል አፌን እሸፍናለሁ፤ መስኮታችን ሌሊትም አይዘጋም። የከበደኝ የሦስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ነው። ከእኔ ጎን መተኛት ለምዷል። በሩ ላይ ቆሞ «አባባ ተቆጣኝ እንዴ?» ይላል። እንዲህ ያለ ሕመም በቤታችሁ ቢገባ ለሕፃን እውነቱን በልኩ ንገሩት። እኛ «አባባ ሳል ይዞታል፤ መድኃኒቱን ሲጨርስ ትተኛላችሁ» አልነው፤ ገባው። እሱም ተመርምሮ በሽታው ስላልተገኘበት የመከላከያ መድኃኒት ተሰጠው፤ ከታማሚ ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በቶሎ መታየት አለባቸው። አያቶች፣ ይህን አደራ አትርሱት። ሳላችንን ስንደብቅ የምንደብቀው ከእነሱ ነው።

የካምፑ ልጅ

ቢሮው ድርጅቱን ጠርቶ አነጋገረ። ያ ወጣት መሐንዲስ ነው የመጣው። የእሱንም ወገን ልንገራችሁ፤ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ። «ሠራተኞቹ ካምፑን ለቀን እንሄዳለን ብለውኛል። የሥራው ጊዜ እያለፈ ነው። ጋሼ ታምሜያለሁ ቢሉን ኖሮ ሌላ ነገር እናደርግ ነበር። ሞተብኝ ሲሉን ከረሙ» አለ። ልክ ነው። ግን ማስረጃው ከገባ በኋላ፣ ፈርማችሁ የተቀበላችሁት ሰው ላይ የስንብት ደብዳቤ መጻፋችሁ ልክ አይደለም ተባሉ። ያቺ የልጄ ኮፒ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች።

በጥር መጨረሻ ደብዳቤው ተነሣልኝ። ማስረጃውን ኪሴ ይዤ የተቀመጥኩባቸው ዘጠኙ ቀናት ግን አልተከፈሉኝም፤ አልተከራከርኩም። የካቲት ላይ ሐኪሙ «መሥራት ይችላል» ብሎ ሲጽፍልኝ ተመለስኩ፤ ለጊዜው ስሚንቶ ቤት እንዳልገባ ብረቱ በሚከማችበት ክፍት ቦታ መደቡኝ።

በመካከሉ ግን እስከ ዛሬ የሚከብደኝ ነገር ሆነ። የጤና ባለሙያዎቹ ከእኔ ጋር ይውሉ የነበሩትን ለመመርመር ካምፑ ድረስ ሄዱ። ዕቃ ስናራግፍ የሚያግዘኝ አንድ የጥበቃ ልጅ ሳል ነበረበት። ሲመረመር እሱም ተገኘበት። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ነርሷን «እኔ ነኝ ያስያዝኩት?» አልኳት። «ማን ከማን እንደያዘ በዚህ አይታወቅም፤ ከእርስዎ በፊትም ይዞት ሊሆን ይችላል» አለችኝ። ልታጽናናኝ ይሁን እውነቷን፣ አላውቅም። የማውቀው፣ በጥቅምት ብመረመር ኖሮ በጥቅምት ይመረመር እንደነበር ነው።

ያ ልጅ ግን ከእኔ ተማረ። ውጤቱን በሰማ ዕለት የሕክምና ማስረጃውን አስገባ፤ ኮፒ ያዘ። ድርጅቱም ምንም አላለውም። ፈቃዱን ወስዶ፣ ሲሻለው ተመልሶ ሥራው ላይ ነው። በሽታው ያው፣ ድርጅቱ ያው፣ ኃላፊውም ያው ነው። የተለየው እሱ ያልደበቀው መሆኑ ነው። በእርግጥ ሁሉም አሠሪ እንዲህ አይደለም፤ ማስረጃ እያየም የሚያባርር አለ። ወረቀት ያለው ሰው ግን ቢያንስ የሚሟገትበት ነገር አለው።

ደመወዝ የሌለው ጎረቤቴስ?

በወርቅ አጠባ የምትኖር ጎረቤታችን ማታ ማታ የማሽላ ገንፎ ታመጣልኝ ነበር። አንድ ቀን «አንተ ደብዳቤ መጣልህ፤ እኔ ብታመም ማን ደብዳቤ ይጽፍልኛል?» ብላ አሳቀችን። ሳቅን እንጂ እውነቷን ነው። በእጁ የሚኖር ሰው ሲታመም ያኔውኑ ሥራ አጥ ነው፤ የሕመም ፈቃድ የለው፣ ግማሽ ደመወዝ የለው። ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለ፤ በየዓመቱ በአባወራ ወይም በእማወራ ደረጃ መዋጮ ተከፍሎ ቤተሰቡ የሚታከምበት ነው። ምዝገባው ጊዜ ስላለው ሳይታመሙ በፊት ቀበሌን መጠየቅ ይበጃል። የሚገርመው፣ በዚህ በኩል ደመወዝተኛው ወደ ኋላ ቀርቷል። ለእሱ የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ በኋላ አፈጻጸሙ ለዓመታት ሲራዘም ኖሯል።

ለደመወዝተኛው ያለው ሌላው ጥላ ጡረታ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ። በሕመም ምክንያት ለሥራ ብቁ አለመሆኑ በሕክምና የተረጋገጠና ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የዘለቄታ አበል ያገኛል። እኔ ስምንት ዓመት ብቻ ነበረኝ። ያንን ወረቀት ፈርሜ ቢሆን የምለቅቀው ሥራ ብቻ አልነበረም፤ የቀሩኝን ሁለት ዓመታትም ነበር።

የቤታችን ቀዳዳ የተደፈነው እንዲህ ነው። ባለቤቴ የተቆላ ለውዝና ሻይ ገበያ ላይ መሸጥ ጀመረች። የዕቁብ ዳኛችን ችግራችንን ሲሰሙ አባላቱን አነጋግረው ዕጣችንን አስቀደሙልን። ቤቱ ምን እንዳለውና ምን እንደሚጎድለው በአንድ ወረቀት ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን፤ ልጆቹም ያዩታል። ልጄ ከትምህርት ቤት ቀርታ ልሥራ አለች፤ እናቴ እምቢ አለች። «የአባትሽን ወረቀት ያነበብሽው በትምህርትሽ ነው» አለቻት።

ረመዳን የገባው በመጋቢት መጀመሪያ፣ አራተኛ ወሬን ስይዝ ነው። ልጹም ስል እናቴ ተቆጣች። «አላህ ለታመመ ፈቅዷል፤ አንተ ከአላህ ትብሳለህ?» ብላ ቁርሴን አቀረበችልኝ። እሷ እየጾመች እኔ ስበላ ማየት ከመድኃኒቱ የበለጠ መራራ ነበር። መድኃኒት አንድ ቀን መዝለል ግን ቀላል አይደለም። እያቋረጡ መውሰድ በሽታው መድኃኒቱን እንዲለማመድ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሕክምና የበለጠ ከባድ ነው። ሥራ ማጣትና ሕክምና ማቋረጥ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። የተባረረ ሰው ካምፑን ለቅቆ፣ ወደ ሌላ አገር እንጀራ ፍለጋ ሲሄድ መድኃኒቱን ትቶ ይሄዳል። ታማሚን ማባረር በሽታውን ከግቢ አያስወጣም፤ ወደ ሌላ ግቢ ይልከዋል እንጂ።

በሰኔ መጀመሪያ የመጨረሻዋን ኪኒን ዋጥኩ። አክታዬ ነጻ ሆነ። የማንጎው ወቅት እያለቀ ነበር፤ እናቴ ለነርሷ የሚሆን አንድ ቅርጫት አስቀርታ ነበርና ይዘንላት ሄድን። የልጅ ልጄም ያን ማታ ትራሱን ይዞ መጣ።

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ ሥራ ሲይዝ ስለ ደመወዙ ብቻ አትጠይቁት። የቅጥር ውሉን ኮፒ ይዞ እንደሆነ፣ ጡረታው እንደሚቆረጥለት፣ ቢታመም ለማን ማሳወቅ እንዳለበት ጠይቁት። ቢታመም ደግሞ በመጀመሪያ ለቤቱ፣ በማግስቱ ለመሥሪያ ቤቱ እንዲናገር አደፋፍሩት። ያልገባውን ወረቀት እንዳይፈርም ንገሩት፤ ለአንድ ሌሊት ቤት አሳድሮ ሰው ያስነብበው። እኛ ቤት አሁን አንድ የወረቀት ማኅደር አለ። የልጆች የልደት የምስክር ወረቀት፣ የሥራ ውሌ፣ «ደርሶናል» የተባለባት ኮፒ አሉበት። ከሁሉም ሥር ያቺ አራት መስመር ወረቀት አለች፤ የፊርማው ቦታ እንደ ተከፈተ ነው።